የሦስተኛው ፎቅ ጠጋኝ

የሕግ አማካሪዋ ያቀረብንላትን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ እንደ ካርታ ሰብስባ መለሰችልን።

«ፎቶ መዋደድን ያሳያል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖርን ግን አያሳይም» አለች። «የሚፈለገው የሁለት ዓመት ማስረጃ ነው። የሁለታችሁም ስም ያለበት የኪራይ ውል አላችሁ? የመብራት ደረሰኝስ? በዚያ አድራሻ በእሱ ስም የመጣ ደብዳቤ?»

አንዱም አልነበረንም። ውሉ በእኔ ስም ብቻ ነው። የፍቅረኛዬ ደብዳቤዎች በሙሉ ወደሚሠራበት ዳቦ ቤት ይላኩ ነበር። በበሩ ደወል ላይ «ስሜን ልጻፍ» ባለኝ ቁጥር «ትንሽ ቆይ» እለው ነበር፤ ያ ትንሽ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነ።

የሥራ ፈቃዱ ሊያበቃ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ያልተጋቡ ጥንዶች በሚያመለክቱበት መንገድ ካልተፈቀደለት ይህን አገር ለቅቆ መሄዱ ነው። እንዳንጋባ ደግሞ የመጀመሪያ ትዳሩ የፍቺ ጉዳይ አገር ቤት ፍርድ ቤት ውስጥ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

«ጎረቤትስ?» አለች አማካሪዋ። «ዘመድ ያልሆነ፣ ቢቻል ደግሞ እናንተን ለመጥቀም ምንም ምክንያት የሌለው ሰው። እንዲህ ያለ ምስክር ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።»

የእሱ ፊት በራ። «ጎረቤትማ ሞልቷል! ሕንፃው በሙሉ ያውቀኛል። የማንን ካውያ ነው ያልጠገንኩት?»

እኔ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሳሁም።

በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃውን የሚያጥቡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ተራው የሚወጣው በቤት ሳይሆን በሰው ቁጥር ነው፤ ሁለት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ሳምንት፣ አንድ ሰው ያለበት አንድ ሳምንት ያጥባል። ያጠበ ሰው መግቢያው ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ፣ ከስሙ ፊት ለፊት ይፈርማል። እሱ ከእኔ ጋር መኖር ሲጀምር ለነዋሪዎች ኮሚቴ አላስመዘገብኩትም። በሕንፃው ውስጥ የአገሬ ሰዎች ነበሩ፤ እዚያ የተወራ ነገር ሳምንት ሳይሞላው እናቴ ጆሮ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ ልጇ ሳታገባ፣ ያውም በወረቀት የሌላ ሴት ባል ከሆነ ሰው ጋር ትኖራለች ብላ በሕልሟም አታስብም። አስመዝግቤው ቢሆን ኖሮ ያ ሠንጠረዥ ዛሬ የመቶ ሳምንት ማስረጃ በሆነን ነበር።

የእሱ ያልተመዘገበ ተራ እየዞረ በሌሎቹ ላይ ወደቀ። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ከእኛ በታች በሚኖሩት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ባላቸው እትዬ ላይ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ከላይ ሁለት ሰው አለ፤ ኮቴ እለያለሁ» ብለው አመለከቱ። ኮሚቴው በጽሑፍ ጠየቀኝ፤ እኔም በጽሑፍ መለስኩ። «ብቻዬን እኖራለሁ። የሚመላለሰው ሰው የኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነው።» ሥራዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በቀን ሰማንያ ውጤት ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጬ እፈርማለሁ። በዚያ ደብዳቤ ላይ የፈረመውም ይኸው እጄ ነው።

ደብዳቤዬ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነበበ። እትዬ በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁኝ ተደረገ፤ ጠየቁኝ። እኔም «ምንም አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን መልሰውልኝ አያውቁም።

እሱ ስብሰባው ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ነዋሪው ሁሉ «ጠጋኙ» ይለው ጀመር፤ ሲገባ ባየው ቁጥር የተቃጠለ ካውያና የሚንጣጣ የሶኬት ማከፋፈያ ይዞ በራችንን ያንኳኳ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ ብሎ ሰው መመለስ ከብዶት፣ ከስልኩ እያየ መጠገን ተማረ። «ሰዉ እንዴት ቢወደኝ ነው?» ይለኝ ነበር። «አዎ፣ ይወዱሃል» እለው ነበር።

አማካሪዋን ባገኘን ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ እትዬ ሱቅ ወረድኩ። እትዬ የአንድ ሱሪ እግር እያሳጠሩ ነበር፤ በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል ሳያወጡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዚፕ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

«ይቅርታ እዚህ አይሰፋም» አሉና ወደ ሱሪው ተመለሱ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። የእናቴን፣ የፍቺውን፣ የአምስት ሳምንቱን። እስክጨርስ ድረስ አንድ እግር ጠቅልለው ሌላውን ጀምረዋል።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አሉ» አሉ በመጨረሻ። «እና አሁን ቪዛ ሲመጣ፣ እኔ ሐሜተኛዋ ምስክር ልሁን?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስሚኝ። እኔን የቆጨኝ ጉልበቴ አይደለም። ጉልበትስ ድሮም ያረጃል። አርባ ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት፣ እስከ ሁለት መቁጠር አትችልም ተባልኩ። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ‹ምንም አይደለም› አልሽኝ።»

የልብስ ቁልፍ የሚያስቀምጡበትን መሳቢያ ስበው፣ ከቁልፎቹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ለኮሚቴው ያመለከቱበት ደብዳቤ ግልባጭ ነው፤ የኮሚቴው ማኅተምና ቀን አለበት። ቀኑን ቆጠርኩት፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር። አማካሪዋ የጠየቀችው ማስረጃ፣ ውሸታም ባስባልኳቸው ሴት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

«ወረቀት አውጪ» አሉ። «እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

እየተናገሩ ጻፍኩ። ከላያቸው ሁለት ሰው መኖሩን፣ የወንዱ ኮቴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ እንደሚወርድ፣ ደረጃው ላይ ዱቄት እያራገፈ እንደሚመለስ። ቀጥለውም «ባመለከትኩ ጊዜ፣ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ሰውየው ጠጋኝ ነው ብላ በፊርማዋ ካደች» አሉ። እጄ «ብቻዬን እኖራለሁ» የሚለውን ጻፈ። ጠጋኙን ዘለለው።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ።

«ጠጋኙስ?»

«ረሳሁት።»

«አንቺ የምትረሺ ልጅ አይደለሽም። ዘለልሽው።»

ጻፍኩት።

«እሱስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ጥሪው። ቪዛ ቢሮ ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው አፍ ከሚሰማው፣ ካንቺ ይስማ። ያለዚያ አልፈርምም።»

ደወልኩለት። ወዲያው ደረጃውን እየሮጠ ወረደ፤ በእጁ ካቻቢቴ ይዟል።

«እትዬ፣ የስፌት መኪናው እምቢ አለ እንዴ?»

«መኪናውስ ደህና ነው። ተቀመጥ፣ ልጄ። የምታነብልህ አለ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ይህን ጊዜ ጠጋኙን አልዘለልኩትም። ሲያበቃ እሱ የሚያየው እኔን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ ነበር።

«ካውያው ሁሉ ለዚህ ነው እንዴ?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ...» አለና ተወው። ካቻቢቴውን ከመቀሱ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው።

እትዬ እስክሪብቶ አነሱ፤ ነገር ግን ወረቀቱን አልነኩትም።

«መጨረሻው ላይ ‹እስከ ዛሬ አብረው ይኖራሉ› ይላል። የሰማኸውን ሰምተሃል። እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም፤ አንድ ሰው የፈረመው ይበቃናል። ልፈርም ወይስ ልተወው?»

በዚህ ጥያቄ ላይ የመናገር መብቴን ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ ፊርማዬ አጥቼዋለሁ።

«ይፈርሙ፣ እትዬ» አለ። «እኔስ ኖሬያለሁ።»

ፈረሙ። ግልባጩን ከላዩ ደርበው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ሰጡት።

በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ። «ለእናትሽስ እኔን ማን ነው ብለሻታል?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ማወቂያም አልነበረውም።

«ምንም» አልኩት። «ጠጋኝ እንኳ አላልኳትም።»

እሱ ወረቀቶቹን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት» አለ። «ቢሮው ነገም ይከፈታል።»

ወደ ዳቦ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ሄደ፤ ዞር ብሎ አላየኝም። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን ቁጥር ፈለግሁ፤ አገኘሁትና ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ከውስጥ። «በር ላይ ተገትረሽ ደንበኛ አታግጂብኝ። ገብተሽ ተቀመጪና ደውይ።»

ገባሁ፤ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። እትዬ የስፌት መኪናቸውን አቆሙልኝ።