እጅሽ ነው በላት

ልጄ የመድኃኒት መጋዘን ጥበቃ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጥቷል። አዲስ ሽጉጥ ሲሰጧት ደግሞ ባሰብኝ። ሽጉጡ ከነካርቶኑ የመጣ፣ ማንም ያልተኮሰበት ነው። ግን ይጎርሳል እንጂ አይተፋም። ስትተኩስ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ መውጣት ሲገባው መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ጥይት መግቢያ ያጣል። ባልደረቦቿ መሣቂያ አደረጓት። ሽጉጥሽ ቆጣቢ ነው፣ የጎረሰውን አይመልስም ይሏታል። አንዱ፣ ቁመቱ እያሉ የሚጠሩት፣ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የሴት እጅ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ዓርብ የተኩስ ፈተና ነበር። ካለፈች የመጋዘኑ የኋላ በር ላይ ትቆማለች፤ ባለፈው ዓመት ሌቦች ዘበኛውን በጩቤ የወጉበት በር ነው። ከወደቀች እንግዳ መቀበያ ተቀምጣ መታወቂያ ትቀበላለች። እኔ የትኛውን እንደምመኝ መናገር አያስፈልግም። እሷ ግን መታወቂያ ስለቅም ከምውል ሥራውን ብተወው ይሻለኛል አለች።

ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እሱን ጠራችው። ጥይቱን መሥሪያ ቤት አስረክባ ባዶውን ሽጉጥ ይዛ መጣች። እኔ ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ አላምንም፤ ስንቱ ሰው ባዶ በተባለው ሞቷል። ወንድሜ ካዝናውን አወጣ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ውስጡን አሳየኝ፣ ትንሽ ጣቱንም ከቶ አረጋገጠልኝ። ያም ሆኖ ከበሩ አልፌ አልገባሁም፤ እዚያው ቆሜ አየሁ።

ሲፈታው ውስጡ በወፍራም ቢጫ ግራሶ ተሞልቷል። ይህ ምንድን ነው አላት። ከፋብሪካው እንደዚያው መምጣቱን፣ አዲስ ስለሆነ እንዳልነካችው ነገረችው። ወንድሜ ቀና ብሎ ቤቴን ቃኘ። ሪሞቱ በላስቲክ ነው፣ ሶፋው በላስቲክ ነው፣ የፍሪጁ በር ላይ ያለው ሰማያዊ ላስቲክም አልተላጠም። እኛ ቤት የአዲስ ዕቃ ልባስ አይነሣም፤ አርጅቶ በራሱ ጊዜ ይወልቃል።

"በእናትሽ የወጣሽ ልጅ" አለና እስኪያስለው ሳቀ።

ግራሶው ሽጉጡ መጋዘን ሲቀመጥ እንዳይዝግ የተቀባ እንጂ ተቀብቶ የሚተኮስበት አልነበረም። ቀለሁን ቆንጥጣ የምታወጣው ትንሽዬ ጥፍር ሳትቀር ተደፍናለች። አጎትና የእህት ልጅ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሙልጭ አድርገው ጠረጉት፤ ስስ ዘይት አስነኩት። ልጄ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ወንድሜ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ዓርብ አብረሃት ስትሄድ፣ ሽጉጡ ደህና ነው፣ እጅሽ ነው በላት" አልኩት። "ካንተ ከሰማች ታምናለች። ትተወዋለች።"

"እቴ፣ ልጅቷን በሰው ፊት ላሳፍራት?"

"ትፈር። በሕይወት ትፈር።"

ሽጉጡን ገጣጥሞ በጨርቅ ጠቀለለው።

ዓርብ እነሱ ወደ መተኮሻው ገቡ፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቀረሁ። ተኩስ ሰማሁ። ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ ዝም አለ። ቀለሁ እንደገና መሰንቀሩን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁና "ተመስገን" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይርቅ ያው ዝምታ የኋላ በር ላይ ታየኝ፤ ጩቤ የያዘ ሰው ከፊቷ ቆሞ፣ ሽጉጧ አፉን ሞልቶ ዝም ሲል። ተመስገኔን መልሼ ዋጥኩት። ቆርቆሮው የቆመበትን እንጨት ያዝኩ።

ወንዶች ሲስቁ ተሰማ። ሌላ ሰው ተኮሰ፤ አልተቋረጠም። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደገና ተኩስ ሆነ፤ ይኸኛውም ሳያቋርጥ ሄዶ አለቀ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ልጄ ስትወጣ አንገቷ ላይ ቀይ ቃጠሎ አየሁና ጮህኩ።

"ቀለህ ነው፣ እማዬ። ተፈናጥሮ አንገትጌዬ ውስጥ ገባ። ተፋ እኮ!"

የሆነውን እየሄድን ነገረችኝ። ሲሰነቀርባት ቁመቱ ተቀብሏት በዚያው ሽጉጥ ተኩሶ ሁሉንም አስተፋው። ሁሉም ሲስቁ አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "እጅሽ ነው" አላት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር አለች። እሱ ግን አልጨረሰም። የእጅሽ አንጓ ላልቷል፤ ከሽጉጡ ጋር አብረሽ ወደ ኋላ ስትሄጂ ብረቱ ቀለሁን የሚወረውርበት ጉልበት ያጣል፤ አንጓሽን ቆልፊ አላት። አለቃዋ አንድ ዕድል ጨመረላት። ቆለፈችው።

ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

"ያልሽኝን ብያታለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እውነት ሆኖ ተገኘ እንጂ።"

ልጄ በመሃላችን ገብታ ክንዴን ያዘች። ከሰኞ ጀምሮ የኋላ በር ላይ ናት።

"በሩ መብራት አለው?" አልኳት።

"አለው። አንድ አምፖል።"

"እሱ ቢቃጠልስ?"