የማጥቢያ ክፍሉ የሚከፈትበት ወር

እህቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የእኔ ዕቅድ ደግሞ የስድስት ወር ነበር። ወልዳ፣ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ስፌት ፋብሪካው ስትመለስ የማጥቢያ ክፍሉ ተከፍቶ እንዲጠብቃት አስቤ ነው ወራቱን የደረደርኳቸው። የምሠራበት የሠራተኞች መብት ድርጅት ዕቅዱን ሰኞ ይፈልገዋል። ለምን ስድስት እንዳልኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ከሰዓት ወደ እህቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። የሠራተኞች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ እዚያው ነበሩ። ነገር የሚያንዛዛ ሰው ስለማይወዱ ፋብሪካው ሁሉ «መቀስ» ይላቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ለሠራተኛው አርባ ሰዓት ሥልጠና፣ በሁለት ወር። በስንት ሰዓት ላይ?»

«በምሳ ሰዓት፣ እትዬ። አስተዳደሩ የፈቀደው እሱን ብቻ ነው።»

«ምሳችን ግማሽ ሰዓት ነው። ሰማንያ ምሳ በላሽብን እኮ፣ ልጄ! በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ሰማንያ የሥራ ቀን የለም።»

እህቴ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ሳቀች። «ቅጥነቷን አይተው እንዳይሸወዱ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዳም ናት።»

ፊቴ ጋለ። እትዬ መቀስ ገጹን ገለጡ።

«የሽንት ቤት ካርዱስ የታለ?»

ለአርባ ሴት አንድ ካርድ ነው ያለው። እሱን ያልያዘች ከማሽኗ አትነሳም። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም።

«ካርዱ ሳይነሳ ክፍሉ ቢከፈት ማን ይገባበታል?» አሉ፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያለፈው ፕሮጀክት በአራት ወር ማረፊያ ክፍል ሠራልን። ፎቶ ተነሣን፣ አጨበጨብን። ዛሬ ካርቶን ተቆልሎበታል።»

«ታዲያ ስንት ይፈጃል?»

«ካርዱን ለማስቀረት ዓመት። ክፍሉ ሌላ ዓመት።»

እህቴ የመውለጃዋንና ወደ ሥራ የመመለሻዋን ወራት በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

አቀረቀርኩ። እትዬ መቀስ የተሰጣ ልብስ ላንሳ ብለው ወጡ።

«እታለም፣ ጡትሽ ሲያጋትስ? ካርዱ ካልደረሰሽስ?»

«ቀሚሴ ይረጥባላ። የሌሎቹስ ሲረጥብ አይደል የኖረው?» እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «ብቻ ለእኔ ብለሽ የካርቶን መጋዘን እንዳትከፍቺ። ያኔ ነው የማዝንብሽ። በይ ጻፊ።»

ስድስቱን ሰርዤ ሃያ አራት ወር ብዬ ጻፍኩ። ሥልጠናውን ከምሳ ሰዓት አውጥቼ በሥራ ሰዓት አደረግኩት። ለዚህ ከአስተዳደሩ ጋር መነጋገሪያ ሦስት ወር መደብኩ። በአሥራ ሁለተኛው ወር ትይዩ «ካርዱ ይቀራል» የሚል አሰፈርኩ።

እህቴ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«ካርዱ ሲቀር ልጄ ስንት ወሩ ይሆናል?»

«ስምንት።»

«ስምንት?» ጥቂት አሰበችና ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወንበሩ ላይ ተደላደለች። «ገና ይጠባል እኮ።»