የግራ እጅ ፈትል

...ገና ነው፣ አላየም፣ የላይኞቹን ነው የሚያደራው፣ የላይኞቹ የቀኝ እጄ ናቸው፣ ጤና ሳለሁ የፈተልኳቸው ልቃቂቶች፣ ከሥር ያሉት ላይ ሳይደርስ ቢመሽ፣ ምን ይመሻል፣ ገና አራት ሰዓት አልሞላም፣ ሸማኔው ሾዴ የድሩን ክር ይዞ ከችካል ወደ ችካል ይመላለሳል፣ ያፏጫል ደግሞ፣ የጴንጤ መዝሙር፣ እኔ በሩ ሥር ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የሽሮ ሜዳን መንገድ የማይ እመስላለሁ፣ ዓይኔ ግን ከፈትሌ ዘንቢል አልተነቀለም።

ቦሰና ፈታይዋ። እንዲህ ነው የምባለው፣ ጉለሌን ጠይቁ፣ የሷ ፈትል የገባበት ነጠላ በቀለበት ይሾልካል ይሉ ነበር፣ አልክድም፣ ይሾልካል፣ የሌላዋን ሴት ፈትል አንስቼ ይኼ ክር ነው ወይስ የበግ አንጀት ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፣ አንዷ አልቅሳ ሄዳለች፣ ትሂድ ብያለሁ፣ ያኔ አፌ አፍ ነበረ።

ከዚያ ወደቅሁ። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ ቀኝ ጎኔ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከላዬ ተንጠለጠለ፣ ስትሮክ ነው አለ ዶክተሩ ለልጄ ለንግሥት፣ እኔ እዚያው ተጋድሜ፣ እንደሌለሁ አድርጎ፣ አንተ ልጅ አለሁ እኮ ልለው አፌን ስከፍት ምን ወጣ፣ ምራቅ። አራት ወር ምራቅ። ጎረቤት እየመጣ የልጄን ሻይ እየጠጣ አልጋዬ ሥር ያማኛል፣ ያቺ ምላሷ ናት ያስመታቻት፣ እየሰማሁ፣ ስንት መልስ ነበረኝ እኮ፣ አንዱን ብቻ አውጪልኝ እመብርሃን፣ አንዲቷን፣ አላወጣችልኝም። እንኳንም። ሁለተኛው ወር ላይ መልሱ ሁሉ አልቆብኝ ማዳመጥ ጀመርኩ፣ ንግሥት ለካ ልብስ ስታጥብ ታለቅሳለች፣ ውሃው እየፈሰሰ ስለሆነ አይሰማም ብላ፣ አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ የልጄን ልቅሶ የማላውቀው ሴትዮ፣ ሳወራ ነበራ፣ መቼ ልስማው።

ጸበል ይዛኝ ወጣች፣ እንጦጦ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብርድ እንዳይመስላችሁ፣ ቢላ ነው፣ ተጠምቄ ስወጣ ደረቁ ልብሴ የለም፣ ንግሥት ታክሲ ውስጥ ረስታዋለች፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ አንዲት ሴት መጣች፣ ጭራሮ ተሸካሚ፣ የገመዱ ሰንበር ትከሻዋ ላይ ያለ፣ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝ፣ አመድ የመሰለ ጋቢ፣ ፈትሉ ሻካራ፣ በደህናው ቀኔ ቢሆን በጣቴ ጫፍ አንስቼ እመልስላት ነበር። ሞቀኝ። ከተወለድኩ እንዲያ ሞቆኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ልል፣ ምራቅ፣ ስምሽ ማነው ልል፣ ምራቅ፣ ይማርዎት እናቴ አለችና ጋቢዋን ትታልኝ በስስ ቀሚስ ቁልቁል ወረደች። ያኔ ነው የተሳልኩት፣ በአፌ አይደለም፣ አፍ የለኝም፣ በሆዴ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ቀና ካደረግሽኝ ድሩንም ማጉንም በገዛ እጄ ፈትዬ፣ ጋቢ አሠርቼ፣ እዚሁ ጸበሉ ዘንድ አኖራለሁ፣ ለበረደው ሁሉ።

ምላሴ ተመለሰች፣ እግሬም እየጎተተች ተመለሰች፣ እጄ ቀረች። እማዬ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሁን፣ ይኸው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያሠራው፣ እግዜር ክር አይመረምርም፣ ንግሥት ናት። እሱ አይመረምር ይሆናል። እኔ እመረምራለሁ። ግራዬን እንደ ሕፃን አስተማርኳት፣ እንዝርቱን ግራ ጭኔ ላይ ማንከባለል፣ ቀኟ ባዘቶውን ይዛ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የላትም፣ ዕድሜዋን ስታዝ ኖራ አሁን አሽከር፣ ክሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል፣ እንዝርቱን ግድግዳ ላይ ወርውሬ ተሳድቤያለሁ፣ ማንን፣ እሱን፣ የላዩን፣ ለንስሐ አባቴ ለአባ ዘርዓብሩክ ስናዘዝ ምን አልሽው አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፣ አየኋቸው፣ ሃያ ስግደት፣ አባ መስገድ እኮ አልችልም፣ እንግዲያ ፍተይ፣ ስግደትሽ እሱ ይሁን። ፈተልኩ። በተበጠሰ ቁጥር አቤቱ ማረኝ እያልኩ ቀጠልኩ፣ ስንት ጊዜ ማረኝ እንዳልኩ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሁለት ክረምት።

ከዚያስ፣ ተናገሪ እንጂ ቦሰና፣ ከዚያ የግራሽን ከዘንቢሉ ሥር ቀበርሽ፣ የድሮ የቀኝሽን ከላይ ደረደርሽ፣ ተቀላቅሎ ሲሠራ አይለይም ብለሽ፣ ሾዴ እጅሽ እንደ ወደቀ እንዳያይ። ለስምሽ። ኩራት ጎን የላትም መሰለኝ፣ ስትሮክ አይመታትም።

ፉጨቱ ቆመ።

እማማ ቦሰና፣ አቤት፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ። ሁለት ክር በጣቱ መሐል አድርጎ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ያሽከረክራቸዋል፣ አንዷ ትፈታለች፣ አንዷ ትጠብቃለች፣ አዩ፣ ተጣልተዋል እኮ፣ አንድ ድር ላይ ከገቡ ጋቢው ቡራቡሬ ነው የሚወጣው፣ ይኼን ያህል አድርቼ፣ ምን አደረጉኝ እማማ። እኔ ምን አውቄ። ግራ ስትፈትል ወደ ሌላ ጎን እንደምትጠመዝዝ፣ ሃምሳ ዓመት ስፈትል በግራዋ የምትፈትል ሴት መች አየሁ። ሾዴ ጠጋ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንዳላፍር፣ ከገበያ ገዝተው ነው አይደል፣ ምንም አይደለም፣ የሌላ ሰው ፈትል ነው፣ ይቺ የእርስዎ እጅ አይደለችም፣ የእርስዎን እጅ እኔ አጣዋለሁ?

እንዴት አድርጎ በር ከፈተልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው። አዎ ልጄ፣ ገዛሁት፣ አታለሉኝ፣ በቃ፣ ስሜ እንደ ነጣ፣ የበግ አንጀቱ የሌላ ሴት፣ ይችን ታህል ውሸት፣ ደሞ ማን ይሞታል። በገዛ እጄ ብያለሁ። የዋሸሁበት ጋቢ ማንን ያሞቃል፣ አራት ወር እግዜር አፌን ዘግቶ ከፈተልኝ፣ ለዚህ ነው የከፈተልኝ? ምላሴ ከብዳለች፣ እንደዚያን ጊዜ፣ አሁን ግን በሽታ አይደለም።

የኔ ነው።

ምን አሉ? የኔ እጅ ነው አልኩህ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ፣ ግራዋ ናት፣ ቀኟ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ያ ጓጎላ ሁሉ የኔ ነው፣ ከሥር የደበቅሁት እኔ፣ ድርህን ያበላሸሁት እኔ፣ ይቅር በለኝ። ወጣች። ይቅር በለኝ፣ ለሸማኔ፣ እናቴ ሸማኔ ቤት ውሃ እንዳትጠጪ ስትለኝ ያደግሁ፣ እስከ አርባ ዓመቴም ያልጠጣሁ፣ ሾዴ ያውቃል፣ አባቱ ጣሳ ሲዘረጋልኝ አልጠማኝም ያልኩ ጊዜ ትንሽ ልጅ ሆኖ ቆሞ ያይ ነበር።

ክሩን ያያል፣ እጄን ያያል። በአንድ እጅ? በአንድ ተኩል። ይስቃል፣ ክፉ፣ እኔም ሳቄ መጣ፣ እማማ ጌታ እኮ ያለ ጋቢም ይሰማል፣ ዝም በል አንተ ጴንጤ፣ ጌታ አይበርደውም፣ የሚበርደው ሰው ነው፣ ሥራህን ሥራ። ዘንቢሉን ምንጣፍ ላይ ገለበጠ፣ ይለዩልኝ፣ ድሩ ከቀኙ፣ ማጉ ከግራው፣ እንደሱ ከሆነ አይጣሉም፣ ውሃ በጣሳ ሰጠኝ፣ ጠጣሁት፣ ግጥም አድርጌ። እለያለሁ፣ በጣቴ እያሽከረከርኩ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ግራ፣ ይኼ ሁሉ ግራ ከየት መጣ፣ ስደብቀው ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ቀኙ አይበቃም እማማ፣ ለድር ይኼ አይበቃም፣ የጎደለውን የፋብሪካ... አትጨርሳት። ታዲያ? ቀኙን ሁሉ፣ ያደራኸውንም፣ መልስልኝ ወደ ዘንቢሉ። ምን? ቀኜ ይህን የፈተለችው ስለቱን ሳልሳል ነው፣ ሳልወድቅ፣ ለሙገሳ፣ እሷ ስለት የለባትም፣ ባለዕዳዋ ግራዋ ናት፣ ይኼ ጓጎላው ማግ ይሁን፣ ድሩንም እሷው ትፈትላለች፣ እንደ አዲስ፣ አጥብቃ። እማማ ድር እኮ ነው፣ መሸመኛ ዕቃው ላይ ሲወጠር፣ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ፣ ደካማ ክር ጧ ነው የሚለው። አውቃለሁ፣ አንተን ሳይወልዱህ አውቃለሁ፣ መቼ ላምጣልህ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ከሆነ፣ በጥር አጋማሽ፣ ሁለት ወር ነው እማማ፣ በአንድ ተኩል እጅ። ቁጠርልኝ አልኩህ እንዴ።

አላመነኝም። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አላምንም፣ እስቲ ያሳዩኝ አለ፣ የሚስቱን እንዝርት ከግድግዳው አውርዶ፣ ባዘቶም ጨምሮ፣ ቀኟን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ባዘቶውን አስያዝኳት፣ ግራዋ እንዝርቱን አንከባለለች፣ አቤቱ ማረኝ፣ ተበጠሰ፣ ቀጠልኩ፣ አቤቱ ማረኝ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ክንድ፣ ሌላ አንድ ክንድ፣ በቃ። ያዝ። ሾዴ ጫፍና ጫፉን በሁለት እጁ ጠቀለለ፣ በቀስታ፣ እንደ አሮጊት ክንድ ይዞታል፣ እየራራልኝ፣ አትራራ፣ እላለሁ፣ ዕቃህ አይራራለትም፣ ጠንከር አድርገህ፣ ሳበው፣ ሳበው እንጂ...