የተከፈተው መጉመጥመጫ

አባ ቁልፍ እንኳን ሰውን ጥላቸውንም አያምኑም ነበር። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ማሸጊያው የተነካ ካርቶን ተቀብለው አያውቁም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸውም ጫኝና አውራጆቹ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ልጃቸውና ምራታቸው እሳቸው ቤት አብረዋቸው ይኖራሉ።

የመንጋጋ ጥርሳቸውን ባስነቀሉ ማግስት ምራታቸው የጥርስ ሐኪሟ ያዘዘችውን መጉመጥመጫ ከፋርማሲ ገዝታ መጣች። የጠርሙሱ ክዳን ተከፍቷል።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ክዳኑ ጠንክሮ እንዳያስቸግርዎ ብዬ። ጠዋትና ማታ አፍዎ ውስጥ ትንሽ አቆይተው ይትፉት። በኃይል እንዳይጉመጠመጡ ብላለች።»

ነገሩን በሆዳቸው ያዙት።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሾርባው ውሃ ውሃ አላቸው። ጨው ጨመሩ። ደግሞ ጨመሩ።

«ኧረ ጨው በዛ አባባ!» አለች ምራታቸው ትኩር ብላ እያየቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ከባሏ ጋር ወጥ ቤት ስትንሾካሾክ ቆይታ፣ እሳቸው ሲገቡ ሁለቱም ጭጭ ማለታቸው ትዝ አላቸው። ቤቱ ደግሞ በእሳቸው ስም ነው። «አሃ!» አሉ በልባቸው።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን ደብቀው እየደፉ፣ መርዝ የሚያጥቡ ይመስል ጉንጫቸውን ነፍተው በቧንቧ ውሃ ይጉመጠመጡ ጀመር። በማግስቱ ሕመሙ ከመንጋጋቸው ተነስቶ ጆሯቸውን ሰረሰረው። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ብቻቸውን ወደ ሐኪሟ ሄዱ።

«ዶክተር፣ ይሄ ይመርመርልኝ። ምራቴ ልትገድለኝ ነው!»

ሐኪሟ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበች፣ መድኃኒቱን አሸተተችው፣ አፋቸውንም አየች።

«መድኃኒቱ ደህና ነው። ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም ግን ወልቋል፤ አጥንቱ ተጋልጧል። በኃይል ተጉመጥምጠዋል እንዴ?»

«ጣዕም ያጠፋብኝስ?»

«እሱ መድኃኒቱ የሚያመጣው ነው፤ ሲያቆሙ ይመለሳል። አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው።»

ቁስሉን አጥባ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት።

ምራታቸው ተጨንቃ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «የት ጠፉ አባባ?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። «ጠርሙሱን ላስመረምር ሄጄ ነው» አሉ። «መርዝ መስሎኝ።»

ፊቷን አዞረች። ከዚያም ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ስለ ሹክሹክታው ጠየቁት።

«ተጣልተን ነበር አባዬ። እንዳትሰማን አፍረን ነው።»

በገዛ ቤታቸው በር አንኳኩተው የማያውቁት ሰውዬ የምራታቸውን በር አንኳኩ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ።» ቆመው ጠበቁ። እግራቸው ሲዝል ግድግዳውን ተደገፉ።

በሩ ተከፈተ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰምቻለሁ አባባ። ዛሬ ግን ከልቤ አልወጣልኝም።»

«ልክ ነሽ ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«በቃ፣ ብዙ አያውሩ» አለች ወንበር እየሳበችላቸው። «ቁስልዎ ይነካል።»