ለልጅ የተያዘ ስም

ሰርካለም ስሙን የነገረችው ለባሏ ብቻ ነበር፤ ያውም በጆሮው። የመጀመሪያ ልጃቸው ዘሥላሴ በተወለደ በሳምንቱ ስላረፈ፣ አሁን በሆዷ ያለውን ምትኬ ልትለው ቆርጣለች። «ክርስትና እስኪነሳ ከአፍህ እንዳይወጣ» አለችው። የአንኮበር ካህን ልጅ ናት፤ ለልጅ የተያዘ ስም ቀድሞ ከተጠራ ሌላ ይወስደዋል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ቃለ አብ ግን የኮምፒውተር ሰው ነው። ሳቅ ብሎ እሺ አላት።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የእሱ ጣጣ ናቸው። ፈረቃው፣ የሱፍ ክምችቱ፣ የዓመት ፈቃዱ የሚታየው በፋብሪካው የውስጥ ገጽ ላይ ነው፤ እሱን ለመክፈት ግን የስልክ ቁጥር የሚያህል አድራሻ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ሠራተኛው ተማረረ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረአማኑኤል መጥተው አጠገቡ ቆሙ። «እንደ ሰው ስም አውጣለትና እንገላገል!» አሉት። ቃለ አብ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ፤ ወራት ሙሉ በአፉ ይዞት የዞረው ስም ብቻ መጣለት። ጻፈው። አይ ቃለ አብ! ስንት ስም ባለበት አገር! ገጹን የሚይዘው አሮጌ ሰርቨር ተቃጥሎ አዲሱ በእሱ ቦታ የገባ ስለነበር ሥራ አስኪያጁም ስሙን ወደዱት።

ከዚያ ወዲህ «ምትኬ ላይ እየው»፣ «ምትኬን ጠይቀው» የፋብሪካው ቋንቋ ሆነ። ሲንቀራፈፍ የኖረው ገጽ ስሙ ገና ሲጻፍ ከተፍ ይል ጀመር። ቤት ውስጥ ግን ሰርካለም ሆዷን ይዛ መቀመጥ አበዛች። «ቃልዬ፣ እንደ በፊቱ አይራገጥም» አለችው። ቃለ አብ ፈራ፤ ያደረገውን ግን አልነገራትም።

አንድ ማለዳ ጉሙ ደጁን ሞልቶት እሱ ግቢ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ። ሰርካለም አነሳችው። የመጋዘን ሠራተኛዋ ሌይላ ነበረች።

«ወላሂ ቃለ አብ፣ ቶሎ ና! ምትኬ ሞቷል!»

ሰርካለም ስልኩን ይዛ ወጣች። «ለማን ሰጠኸው?»

ቃለ አብ ፊቱ ውሃ እንዳንጠባጠበ ቀረ። «ለፋብሪካው... ለሰርቨሩ።»

«እኔ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። አንተ ሂድና ስሙን መልስልኝ።» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የባሰ ያስፈራውም ይኸው ነው።

ፋብሪካ ሲደርስ የተቋረጠው መስመር ተመልሷል። ስሙን ሰረዘው። ከዚያ ከክፍል ክፍል እየዞረ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንዲረሳው አደረገ፤ ማሽን አንዴ ያወቀውን ስም ቶሎ አይለቅም። የመጨረሻው የሌይላ ነበር።

«እስኪ ጻፊው» አላት።

ሌይላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ «ምትኬ አልተገኘም» የሚል ወጣ። ቃለ አብ እፎይ አለ።

ወዲያው ሰርካለም ደወለች፤ ከምርመራ አልጋው ላይ ሆና ታለቅሳለች። «ቃልዬ፣ የልብ ምቱን እየፈለጉ ነው! አልተገኘም ይሉኛል!»

ቃለ አብ ስክሪኑን እንደገና አየው። ስሙን ለልጁ የመለሰ መስሎት ጭራሽ ከምድር አጥፍቶታል። ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠና ስሙን መልሶ ጻፈ። ከመጋዘኑ ሌይላ «ምትኬ ተነሳ!» ብላ ስትጮህ፣ በስልኩ ውስጥ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚመታ ድምፅ መጣ።

ምትኬ ዛሬ ዳዴ ይላል፤ ሳቂታ ልጅ ነው። የገጹን ስም እንቀይር የሚል በመጣ ቁጥር ቃለ አብ ይቆጣል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ፋብሪካው መብራት ሲጠፋበት ሥራውን ጥሎ ወደ ቤት ይደውላል፤ ሰርካለምም ምንም ሳትጠይቀው ስልኩን ወደ ልጁ አፍ ታስጠጋለታለች። ሁለቱም ያዳምጣሉ። ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ልጁም ይተነፍሳል።