ጆሮ የሌላቸው ፈረሶች

ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ መሰለች የአሥራ አራቱን ልጆች ስፌት በሙሉ ፈትተው እንደገና በስፌት መኪና ሰፉት። ለማንም አልተናገሩም። የስፌት መምህሯ ኤቢሴ ያወቀችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወላጆች ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፍታ ስትገባ ነው።

ግድግዳው ላይ በስፒል የተሰኩት አሥራ አራት ነገሮች ፈረስ መሆን ነበረባቸው። ባለፈው ቅዳሜ ለርእሰ መምህሯ ስታስረክባቸው ፈረሶች ነበሩ፤ ጠማሞች፣ አንዳንዶቹ ጥጣቸው በጎን የሚወጣ፣ ግን ፈረሶች። አሁን ጆሮ የላቸውም። እግራቸው ተጣብቆ ጉማጅ ሆኗል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

ወይዘሮ መሰለች ወንበር እየደረደሩ ነበር። ጠረጴዛዎቹን በሙሉ አስወጥተዋቸዋል።

"መጀመሪያ ደህና አደሩ ይባላል።"

"ደህና አደሩ። ይሄ ምንድን ነው?"

"የልጆቹ ሥራ ነዋ። ጠርዙ ሜዳ ላይ ቀርቶ ስላየሁት ትንሽ ያዝ ያዝ አደረግሁት። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ምስጋናውን በኋላ ታቀርቢልኛለሽ።"

ፈረሶቹ የተሰፉበት ፌልት እንደ አቡጀዴ የተሸመነ ጨርቅ አይደለም። ተጠቅጥቆ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ቢቆርጡት ጠርዙ አይተረተርም። ለልጅ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ገጽ ቆርጦ፣ ገጥሞ፣ ዙሪያውን በወፍራም ክር መጠምጠም ብቻ ነው። ወይዘሮ መሰለች ግን ወደ አዳማ ከመምጣታቸው በፊት ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤት ውስጥ ሙያ ያስተማሩ ሴት ናቸው። በእሳቸው ዓይን ጠርዙ ያልተቀመቀመ ጨርቅ ነጠላ ሳትለብስ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ሴት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፈረስ ዙሪያ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው ቀመቀሙት። የጆሮው ስፋት ራሱ አንድ ጣት ነበር።

"እትዬ መሰለች፣ ፌልት አይቀመቀምም።"

"አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ጨርቅ ሰፍቻለሁ።"

"ፌልት ግን አልሰፉም።"

"ጨርቅ ጨርቅ ነው።"

"አይደለም።"

"እሺ፣ ምሁሯ!" ወንበሩን መሬት ላይ ድው አደረጉት። "ወላጅ እንዳንቺ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ጠማማ ስፌት ካየ ጠማማ ነው የሚለው።"

"ጠማማ ነዋ! የሰባት ዓመት ልጅ ነው የሰፋው።"

"ስሚ። ወላጆቹ ሲገቡ ልጆቹ በገዛ እጃቸው የሰፉት ነው ትያለሽ። ከወደዱት ቢሮ ገብተን የቋሚ ቅጥር ደብዳቤሽን እፈርማለሁ። አልልም ካልሽ ደግሞ ወደ ወለንጪቲ የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቷል።"

ኤቢሴ ከዩኒቨርሲቲ በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ከተመረቀች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ስምንት ወር ፋብሪካ ሠራች፤ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ መጀመሪያ የተቀነሰችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ወለንጪቲ እህቷ ቤት ሳሎን ላይ ትተኛለች። የእህቷ ባል በየጠዋቱ ጫማውን እያሰረ "ዛሬስ?" ይላታል። ሌላ ቃል አይጨምርም፤ እሷም ያንን አንድ ቃል ዳግመኛ ላለመስማት ብዙ ነገር እንደምታደርግ ታውቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር መዋሸት ከብዙው ነገር ቀላሉ ነው።

ልጆቹ መግባት ጀመሩ። ሃዊ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት የሰባት ዓመት ልጅ፣ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ ቆመች።

"ሚስ፣ የኔ ፈረስ የታለ?"

"ያ ነው።"

"ያ ድንች ነው።"

"ተቀመጪ።"

"ሚስ ሙቺ! ድንች ነው!"

"ሃዊ፣ ተቀመጪ ብያለሁ።"

ኤቢሴ ልጆች እንደማትወድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይወራል። ሐሰት አይደለም፤ የሞኝ ሥራ አትወድም፣ ልጅም ብዙ የሞኝ ሥራ ይሠራል። ስድስት ቅዳሜ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። ሁለቱን ቅዳሜ በክር ማስገባትና በቋጠሮ ብቻ ጨረሰቻቸው። ያለቀሰውን "አልቅሰህ ስትጨርስ መርፌው እዚሁ ነው" ትለው ነበር። በስድስተኛው ቅዳሜ አሥራ አራቱም በራሳቸው መቋጠር፣ መስፋትና መጨረስ ችለው ነበር። ይህን ያየ ሰው ግን የለም።

አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ መሰለች ነጭ ሻርፕ ደርበው እንኳን ደህና መጣችሁ ካሉ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ኤቢሴ ላኩ።

"እነዚህ ልጆቹ በገዛ እጃቸው የሰፏቸው ናቸው" አለች ኤቢሴ። ተጨበጨበ። ሃዊ አላጨበጨበችም።

ወላጆች እየተነሱ ወደ ግድግዳው ሄዱ። የሁሉም አፍ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ይላል፤ አንዳቸውም ምን እንደሆነ አልጠየቁም። መሐመድዘይን ግን ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ገበያው ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ያለው፣ የሻሸመኔ ልጅ፣ ከተማሪዎቹ የአንዷ የኑሰይባ አባት ነው። የልጁ ስም የተጻፈበትን ፈረስ ከግድግዳው ነቅሎ ገለበጠው። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው።

"ኑሰይባ፣ ነይ እስቲ። ይሄን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?"

ኑሰይባ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷን አየች፣ መምህሯን አየች። "ሚስ ናት የምታውቀው" አለች።

ሰው ሳቀ። መሐመድዘይንም ሳቀ።

"ይሄማ የመኪና ስፌት ነው። ላዩም ታቹም አንድ ነው። ይሁን፣ ለወላጅ ብላችሁ አሳምራችኋል፣ የትም ቦታ ይደረጋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው።" ድንቹን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየው። "ፌልት ማን ይቀመቅማል? ያ ረቢ! መምህሯ በጨርቅ የተመረቀች ናት አላላችሁንም? የኔ ተለማማጅ እንዲህ ቢሠራ መኪና አላስነካውም፣ ወለል ነው የማስጠርገው።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ መሰለች ሻርፓቸውን እያስተካከሉ መሬት መሬት አዩ።

ኤቢሴ ውሸቱን ችላው ነበር። ቅምቀማውን ግን አልቻለችም።

"እኔ አልቀመቀምኩትም" አለች። "እንዲቀመቀምም አላስተማርኩም። ልጆቹ የሰፉትን ፈትተው ይሄን የሰፉት እሳቸው ናቸው።"

ሳቁ ባለበት ቀረ።

"ኤቢሴ!" አሉ ወይዘሮ መሰለች።

"ቅድም የዋሸሁት እኔ ነኝ። የቀመቀሙት ግን እሳቸው ናቸው።"

"ልጆቹ የሠሩትን ብታዩ እኮ ታፍሩ ነበር!" ወይዘሮ መሰለች ወደ ወላጆቹ ዞሩ። "እኔ ገመናችሁን ሸፈንኩ። እሷ ናት አሁን አደባባይ የምታወጣው። በይ፣ ይችላሉ ካልሽ አሳዪያቸዋ!"

"ያሳዩ እንጂ" አለ መሐመድዘይን። "የኔዋ ትጀምር። የሰፊ ልጅ ናት።"

ኤቢሴ ከቦርሳዋ ሁለት ቁራጭ ፌልት፣ ክርና መርፌ አወጣች። ኑሰይባ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክሩን በምራቋ አርጥባ በአንድ ጊዜ አስገባችው፤ ጫፉን በጣቷ ላይ ጠምጥማ ቋጠረች። ሁለቱን ቁራጭ ጭኗ ላይ ገጥማ ጀመረች። ከኋላ ያሉት ለማየት ቆሙ። አባቷ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት ጊዜ መርፌው ገብቶ ወጣ። ኑሰይባ ጨርሳ ለሰው ልታሳይ ሥራዋን ከፍ ስታደርግ የደንብ ልብስ ቀሚሷ አብሮ ተነሣ።

ሥራውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚሰፋ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ልብሱን አብሮ ይሰፋል። ኤቢሴ ስድስት ቅዳሜ "ጠረጴዛ ላይ! ጠረጴዛ ላይ!" እያለች የጮኸችው ለዚህ ነበር።

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት ወይዘሮ መሰለች ናቸው። አዳራሹ ተከተላቸው። ያልሳቀው መሐመድዘይን ብቻ ነበር።

"ይሄው ትምህርትሽ!" አለ ኤቢሴን። "የሰፊ ልጅ ቀሚሷን ትስፋ! ነገ ገበያው በሙሉ ሲያወራው ይውላል።"

"ቀሚሱን ይተዉትና ስፌቱን ይዩት።"

"ሰው የሚያየው ቀሚሱን ነው!"

"ስድስቱም እኩል ናቸው። ተለማማጅዎ ያለ መኪና እንዲህ ይሰፋል?"

"አፍሽን ያዢ፣ አንቺ! መጀመሪያ ዋሸሽን፤ ቀጥሎ ልጄን አዋረድሻት። ፍቺላት አሁን!"

ኑሰይባ አላለቀሰችም። ጭኗ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ እያየች "ሚስ፣ ቋጠሮው ግን ያዘ አይደል?" አለች።

"ይዟል። ጭንሽ ላይ ለምን አደረግሽው?"

"ጠረጴዛ የለማ!"

"ፍቺላት ተብለሻል" አሉ ወይዘሮ መሰለች። "ከፈታሽላት በኋላ ደግሞ ወደ ቢሮዬ እንዳትመጪ። የምፈርመው ነገር የለኝም።"

ኤቢሴ መርፌውን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ የተረፈውን ክር ቆረጠች፤ መርፌውን ከተቀሩት ጋር የመርፌ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከትታ ክዳኑን ገጠመች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

"ልጆቹ የሰፉትን መፍታት እሳቸው ያውቁበታል" አለችው መሐመድዘይንን። "እሳቸውን ይጠይቋቸው።"

"ወዴት ነው? አንቺን እኮ ነው!" አለ።

በወንበሮቹ መካከል አለፈች። አንዲት እናት እግሯን ሳትሰበስብላት ቀረች፤ ተራምዳት ሄደች። ከኋላዋ መሐመድዘይን "ስድ!" ሲል ሰማች፤ ወይዘሮ መሰለች "ተዋት፣ ድሮም ልጅ አትወድም" ሲሉም ሰማች። ወጣችና የአዳራሹን በር እስኪገጥም ድረስ ስባ ዘጋችው።