የኤሌኒ ሦስት መስመር

ምስጋናው የሠልስቱ ጸሎት አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ሚስቱ ሲንሾካሾኩ ደረሰ። በተማሪዎቿ ፊት ነው አሉ የወደቀችው፣ ትላለች አንደኛዋ። ሲያዩት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ሚስቱ ዓይናዲስ አዘዞ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ልቧ ደካማ መሆኑን ሐኪም ከነገራት ዓመት አልፏል። እሷ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር ልጆቿን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ትወጣና ስለ ጥቢ ግጥም ታጽፋቸዋለች። ሕጓ አንድ ነበር፤ በዓይን ያላዩት አይጻፍም። አደይ ያላየ ልጅ አደይ ብሎ አይጽፍም። አንዱ ስለ ላማቸው ጥጃ ይጽፋል፤ ሌላው ፀሐይ ላይ ስለተሰጣ ብርድ ልብስ። እራት ላይ ለምስጋናው እያነበበችለት እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

ዘንድሮ ሁሉም ጻፉ፤ ኤሌኒ የምትባል ልጅ ብቻ ቀረች። አባቷ በመስከረም መጀመሪያ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ልጅቱ ወረቀቱን ባዶውን ትመልሳለች። የዓይናዲስ እግር ማበጥ ሲጀምር ምስጋናው ፈቃድ እንድትወስድ ለመናት። ኤሌኒ ሳትጽፍ ከትምህርት ቤት አልቀርም አለችው። በመጨረሻው ጠዋት ታግሶ ታግሶ፣ «ለአንዲት ልጅ ግጥም ብለሽ ልትሞች ነው?» አላት። ደብተሮቹን አቅፋ ወጣች፤ እሱም አልሸኛትም።

በሠልስቱ ዕለት ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት የስምንት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ዝናሽ እንደምትባል፣ የኤሌኒ እናት እንደሆነች ተናገረች። ስሙን ሲሰማ ምስጋናው ፊቱን አዞረ። ሦስት ቀን ሙሉ በልቡ ሲከሳት የሰነበተው ይህችኑ ልጅ ነበር።

ዝናሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ልጅቱ ያን ዕለት ጽፋ ነበር። ቆማ ስታነብ መምህሯ አለቀሰች፤ አቅፋ ሳመቻት፤ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ወደቀች።

«ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ አያ ምስጋናው። በግጥሜ ገደልኳት ትላለች። እኔን አልሰማ አለች፤ ከአንተ ትስማ ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ምስጋናው ግጥሙን ታስታውሰው እንደሆነ ልጅቱን ጠየቃት። ኤሌኒ መሬት መሬቱን እያየች በቀጭን ድምፅ አለችው፦

«ጥቢ መጣ፣ ጭቃው ደረቀ፤
የአባቴ ዱካ ደጃችን ላይ ቀረ።
እኔ አልረግጠውም።»

ዓይናዲስ ሦስት ሳምንት በታመመ ልቧ የጠበቀችው ይህንን ነበር።

«ልቧ ድሮም የታመመ ነው» አላት። «እኔም ሐኪሙም እናውቃለን። አንቺ አልገደልሻትም።» ቀጥሎም፣ «እኔ ያን ጠዋት ክፉ ነገር ተናገርኳት። የመጨረሻውን ሸጋ ነገር ያሰማሻት አንቺ ነሽ» አላት።

ጠጋ ብሎ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀላት። ስትቀመጥ፣ ከፊቱ ሳይነካ ከቀዘቀዘው ንፍሮ ዘግኖ መዳፏ ላይ አደረገላት። ኤሌኒ ንፍሮውን ብዙ አየችው። ከዚያ አንዲት ባቄላ መርጣ ልጣጩን በጥፍሯ ላጠች፤ ፍሬውን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ዘረጋችለት።